ስኪመሩ አረፋ ሲያንሰው፦ መጀመሪያ የአየር ቱቦውን እዩ

ስኪመር የጨው ውሃ የዓሣ ገንዳን በአየር አረፋ የሚያጸዳ መሣሪያ ነው፤ አረፋው ቆሻሻውን ይዞ ላዩ ላይ ወዳለው ኩባያ ይወጣል። ስለ ስኪመሩ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያሳየኝ ኩባያውን ነው። የሞላ ኩባያ ግን ጥሩ ሥራ ማለት አይደለም። ቀለሙ ቀጭን ሻይ ከመሰለ አብዛኛው የጨው ውሃ ነው። እንደ ቡና ጠቁሮ የሚከረፋ ከሆነ ነው ቆሻሻ የያዘው።

እኔ መጀመሪያ የማየው ከኩባያው በታች ያለውን አካል ነው። ውስጡ ወተት መስሎ ከነጣ ጤነኛ ነው። አረፋው አንድ በአንድ የሚቆጠር ከሆነ አየር አንሶታል። ቆሻሻው የሚጣበቀው አረፋው ገጽ ላይ ነው፤ አረፋው ሲደቅና ሲበዛ የሚጣበቅበት ቦታ ይሰፋል።

ምልክት፦ ይሞላ የነበረው ኩባያ ደረቅ ሆነ፣ ፓምፑ ግን ይሠራል

ደጋግሜ የማገኘው ይሄ ነው። ምክንያቱም ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር መልኩ ጨው ነው። አየር የሚገባባት ጠባብ ቀዳዳ ላይ ደረቅ አየርና የጨው ውሃ ይገናኛሉ። እዚያው ጨው ይጋገራል። በየቀኑ ትንሽ ስለሚጠብ ማንም ልብ አይለውም።

እዚህ ቨርጂኒያ አንድ ክሊኒክ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ፓምፑ ደክሟል ተብለው አዲስ ገዝተዋል። ለውጥ የለም። ሌላ፣ ተለቅ ያለ ገዙ። አሁንም የለም። የአየር ቱቦውን ጫፍ በጣቴ ደፈንኩት። ደህና ስኪመር ጣት ይስባል፤ ይሄኛው ንክችም አላለው። ቱቦውን ነቅዬ ቀዳዳዋን በባትሪ ሳያት ሽምብራ የምታህል ጨው ተጋግራባታለች። ሁለት ፓምፕ የተገዛው ለዚች ነው! ያን ሁሉ ጊዜ ዓሦቹ የኖሩት በዚያ ውሃ ውስጥ መሆኑ ነው የሚያናድደኝ።

መፍትሄው፦ ፓምፑ እየሠራ የቱቦውን ጫፍ አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ንጹህ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ራሱ ይስበዋል። ጭራሽ ካልሳበ ሶኬቱን ንቀሉና ቱቦውን አውጥታችሁ ቀዳዳዋን እዚያው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉ። ከመጀመራችሁ በፊት ግን የውሃ መውጫውን ቫልቭ ክፈቱና በስኪመሩ ውስጥ ያለውን የውሃ ከፍታ ዝቅ አድርጉ። አየሩ ድንገት ሲመለስ አረፋው ገንፍሎ ወለል ላይ ይፈሳል። በሽቦ ወይም በመርፌ አትጎርጉሩ፤ ቀዳዳዋ ከተጫረች ጨው ቶሎ ይይዛታል። በወር አንዴ ብትደግሙት አትጠሩኝም።

ካልተሻለው ፓምፑን ፍቱ። ኢምፔለሩ፣ ማለትም ፓምፑ ውስጥ የሚሽከረከረው ክፍል፣ ላይ ነጭ ኖራ ይኖራል። አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅላችሁ ለአንድ ሰዓት ዘፍዝፉት፣ በጥርስ ብሩሽ ፈትጉት፣ በደንብ አለቅልቁት። ሳሙና በፍጹም! በፍጹም!

ምልክት፦ ኩባያው በአንድ ሌሊት ሞልቶ ፈሰሰ

ውሃ ውስጥ ምን ጨመራችሁ? የክሎሪን ማጥፊያ፣ መድኃኒት፣ የኮራል ማጣበቂያ ሊሆን ይችላል። ሎሽን የተቀባ እጅ ወይም በሳሙና የታጠበ ባልዲም ይበቃል። ጥቂት ቀን ጠብቁ፣ ኩባያውን ቶሎ ቶሎ ድፉ። ምንም ካልጨመራችሁ ሳምፑን፣ ማለትም ስኪመሩ የሚቆምበትን ከዋናው ገንዳ ሥር ያለ ገንዳ፣ እዩ። ስኪመሩ የቆመበት ውሃ ከፍ ሲል አረፋው ይወጣል፣ ተንኖ ሲቀንስ ይወርዳል። በየቀኑ ቫልቭ ከማዞር የሳምፑን ከፍታ አንድ ቦታ ላይ ማቆየት ይሻላል።

ምግብ ከሰጣችሁ በኋላ አረፋው ከወደቀ የምግቡ ዘይት ነው፤ በሰዓታት ይመለሳል። የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ካለ የኢምፔለሩን ዘንግ እዩ። ርካሽ ቱቦ ደግሞ ይታጠፍና አየሩን ያንቃል፤ ለሳንቲም ብላችሁ አትግዙ።

ሁሉም ደህና ሆኖ ከዓሦቹ ቆሻሻና ከምግብ ትርፍ የሚመጣው ናይትሬት ካልወረደ ስኪመሩን አትውቀሱት። እ.ኤ.አ. በ2009 የፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ኬን ፌልድማንና ባልደረቦቹ ስኪመሮችን ሲለኩ፣ ከውሃው ኦርጋኒክ ካርቦን (ውሃ ውስጥ የሟሟ ቆሻሻ መለኪያ) የሚያወጡት ከ20 እስከ 30 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ አገኙት። የቀረው የእናንተ ሥራ ነው፦ ምግብ ቀንሱ፣ ውሃ ቀይሩ።