ውሻዎ ወይም ድመትዎ አስቸኳይ ሕክምና እንደሚያስፈልገው በምን ያውቃሉ?
እንስሳት ሕመማቸውን ስለሚደብቁ፣ ውሻዎ ወይም ድመትዎ በድንገት ሲዝል አስቀድመው ድዱን ይመልከቱ። ከንፈሩን ቀስ ብለው ገልጠው ድዱን በጣትዎ ጫን አድርገው ሲለቁት፣ የነጣው ቦታ በ2 ሰከንድ ውስጥ ወደ ሮዝ ቀለሙ ካልተመለሰ፣ ወይም ድዱ ቀድሞውንም ገርጥቶ ከነበረ፣ ሳይዘገዩ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የወንድ ድመት ሽንት ነው፤ ደጋግሞ እያማጠ ጠብታ እንኳ ሳይወጣው ሲቀር ብዙዎች የሆድ ድርቀት መስሏቸው እስከ ማግስቱ ይጠብቃሉ፣ የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ከሆነ ግን በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ሆዱ ተነፍቶ ለማስታወክ እየታገለ ምንም የማይወጣው ውሻም ለሰዓታት የሚቆይ አይደለም። እስኪደርሱ ድረስ የሰው መድኃኒት አይስጡ፤ በተለይ ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል።