የሱቅ ማሳያ መስታወት መብራት በጦርነት ጊዜ እንዴት ይደበዝዛል?

ደሴ ከአየር መደብደብን የምታውቀው ከኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ያን ዕለት የጣሊያን አውሮፕላኖች የመጡት በቀን ስለነበር መብራት ማጥፋት የሚያድነው ነገር አልነበረም፤ በሌሊት ግን የከተማዋ አቀማመጥ ራሱ ያጋልጣታል። ከጦሳ ተራራ ተዳፋት ቁልቁል የሚያይ ሰው የፒያሳን መንገድ በሱቆቹ መብራት ብቻ ለይቶ ሊከተል ይችላል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር የሚያገለግለው ትእዛዙ «አደብዝዙ» ሲሆን ነው፤ «አጥፉ» ከተባለ ወይም ሳይረን ከተሰማ ብሬከሩን ከማውረድ በቀር ሌላ ዘዴ የለም።

መጀመሪያ ፓውዛውን፣ የታፔላውን መብራትና የሚሮጠውን የኤልኢዲ ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ ያጥፉ። ቀጥሎ ስፖት ላይቶቹን ነቅለው ዋቱ ያነሰ፣ ብርሃኑም ወደ ቢጫ የሚያደላ አንድ አምፖል ብቻ ያስቀሩ። አምፖልን ሰማያዊ መቀባት ይሻላል የሚለው ልማድ አይረባም፤ ጨለማ የለመደ ዓይን ከቀይ ይልቅ ሰማያዊን አጉልቶ ያያልና። ዲመር (የብርሃን መቀነሻ) መግዛትም አልመክርም፤ ብዙዎቹ የኤልኢዲ አምፖሎች ለዲመር ስላልተሠሩ ሲቀነሱ ይርገበገባሉ፣ የሚርገበገብ ብርሃን ደግሞ ዓይንን ይስባል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ከውስጥ ሆኖ አይቶ «ደብዝዟል» ይላል፤ ቁም ነገሩ ግን ብርሃኑ ወዴት እንደሚሄድ ነው። ወደ ላይ የሚያመልጠው ብርሃን የከተማውን ሰማይ ያፈካል። በ1942 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ከከተሞቹ በሚወጣው ብርሃን ፊት ቅርጻቸው የሚጎላውን የንግድ መርከቦች እየለዩ ያሰጥሙ ነበር፤ ያ ብርሃን አደጋ ያደረሰው በየሱቁ ላይ ሳይሆን ባሕር ላይ በነበሩት ሰዎች ላይ ነው።

ስለዚህ ለአምፖሉ መከለያ ያስፈልገዋል። ቆርቆሮ ጠቅልለው፣ ርዝመቱ የአፉን ስፋት ቢያንስ ሁለት እጥፍ የሚሆን ቱቦ ያሠሩ፤ ውስጡን በማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ይቀቡት፣ አለበለዚያ ቆርቆሮው ራሱ እንደ መስታወት ብርሃኑን ይመልሳል። አፉ ቁልቁል ወደ ዕቃው እንጂ ወደ መስታወቱ አይዙር። ከዕቃው ሥር ነጭ ወይም የሚያብለጨልጭ ጨርቅ ካለ በጥቁር ይተኩት፤ ከመስታወቱም የላይኛውን ሲሶ በካርቶንና በጥቁር ሸራ ይሸፍኑት። ጋዜጣ መለጠፍ ግን ከንቱ ድካም ነው፤ ከኋላው መብራት ሲኖር መስታወቱ በሙሉ እንደ ፋኖስ ይፈካል። አምፖሉን ራሱን በጨርቅ ወይም በካርቶን መጠቅለል ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ ሃሎጂን ወይም የድሮው 60 ዋት አምፖል ጨርቁን በቀላሉ ያቃጥለዋል።

ሥራው ሲያልቅ ፍተሻው ከውጭ ነው። ዓይንዎ ጨለማውን እንዲለምድ ሃያ ደቂቃ ያህል ከቆዩ በኋላ ከመንገዱ ማዶ፣ ከዚያም ከፊት ለፊቱ ሕንፃ ፎቅ ላይ ሆነው ይመልከቱ። አምፖሉ ራሱ ከታየ ቱቦው አጭር ነው፤ በረንዳው ከፈካ ደግሞ አፉ ወደ ውጭ ዞሯል። ዝናብ ከዘነበ በኋላም ይድገሙት፣ እርጥብ አስፋልት በደረቁ ጊዜ የማይታየውን ብርሃን ያወጣዋል። በር ላይ ሁለት መጋረጃ አራርቀው ይስቀሉ፣ ገቢው አንዱን ዘግቶ ሌላውን እንዲከፍት።

የሚቀረው የመብራት መጥፋትና መመለስ ነው። አንድ ጎረቤታችን የጫማ ነጋዴ መብራት በሄደበት ማብሪያውን ሳያይ ቆልፎ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ መብራቱ ሲመጣ ታፔላውና ፓውዛው አንድ ላይ በሩ፣ ቁልፉም እሱ ጋ ስለነበር የሚያጠፋ ሰው አልተገኘም። የታፔላውንና የፓውዛውን መስመር በኤሌክትሪሺያን አስለይተው ለብቻው ብሬከር ያስገጥሙለት፤ ትእዛዙ እስኪነሣም ብሬከሩ እንደወረደ ይቆይ፣ «እንዳይነሣ» የሚል ወረቀትም ይለጠፍበት።