ከባሕር ዳር ተነሥቶ በጣና ላይ ወደ ጎንደር ለመጓዝ

ከጎጃም ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በወረታና በአዲስ ዘመን አድርጎ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን አስፋልት በግማሽ ቀን ጨርሶ ይገባል። ሌላም መንገድ አለ፤ ጣናን ከደቡብ ዳር እስከ ሰሜን ዳር በጀልባ አቋርጦ ጎርጎራ ላይ መውረድ፣ ከዚያም 60 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ወደ ጎንደር መውጣት ነው። ይኸኛው ጊዜም ገንዘብም ይበልጥ ይፈጃል። ነገር ግን የከተማዋን ታሪክ በየቦታው እያየ ለመድረስ ለሚፈልግ ሰው ተወዳዳሪ የለውም፤ ጎንደርን የቆረቆሩት የዐፄ ፋሲል አስከሬን ያረፈው በሐይቁ መሐል በዳጋ እስጢፋኖስ፣ የአባታቸው የዐፄ ሱስንዮስ መቀመጫ የነበረው በጎርጎራ፣ የራሳቸው ግንብ ደግሞ በጎንደር ስለሆነ፣ ተጓዡ ከመቃብሩ ተነሥቶ ወደ ዙፋኑ ይሄዳል።

ጣና እንደ ባሕር በጨረቃ አይሞላም፣ አይጎድልም፤ የጉዞውን ሰዓት የሚቆርጠው ነፋሱ ነው። ሌሊት ውኃው ረግቶ ያድርና እስከ ረፋዱ ድረስ እንደ መስተዋት ተኝቶ ይቆያል። ፀሐይ ከፍ ስትል የብሱ ከውኃው ቀድሞ ስለሚሞቅ አየሩ ከሐይቁ ወደ ዳር መንፈስ ይጀምራል፤ ከቀትር በኋላም ባሕር ዳር ላይ የቆመ ሰው ከሰሜን የሚመጣውን ነፋስ በፊቱ ይቀበለዋል። ሐይቁ 84 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 66 ኪሎ ሜትር ስፋት ሲኖረው ጥልቀቱ ግን 15 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ፣ የሚነሣው ማዕበል ረጅምና ዝግ ያለ ሳይሆን አጭርና ተደራራቢ ነው፤ ጀልባዋን ከማወዛወዝ ይልቅ ይደበድባታል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከሚሰጠው ምክር ሁሉ አንዱን ብቻ የሚይዝ ሰው ቢኖር ይህን ይያዝ፦ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከወደቡ መልቀቅ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ደግሞ የብስ ላይ መሆን ያስፈልጋል።

እኔ ይህን የተማርኩት ተምሬ አልነበረም። አንድ የጥር ወር ላይ፣ የጉዞ ጓደኛችን ቁርስ ሳይበላ አልነሣም ብሎ አዘግይቶን ከባሕር ዳር የተነሣነው ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ነበር። ጀልባ ነጂው ሰዓቱን አየት አድርጎ «እንግዲህ ከዘጌ ወዲያ አልወስዳችሁም» ሲለን ገንዘብ ለመጨመር ፈልጎ የተናገረ መስሎን ተከራከርነው። ዘጌን አልፈን ገና ሩቅ ሳንሄድ ውኃው በጀልባዋ አፍንጫ በኩል እየገባ ሻንጣዎቻችንን አራሳቸው፤ በፌስታል ያልተጠቀለለው ካሜራም ከዚያ ቀን ወዲህ አልሠራም። ያደርነው ዘጌ ነው።

ወቅቱን በተመለከተ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ጊዜ እመርጣለሁ። ክረምቱ የሞላው ሐይቅ ገና ስላልጎደለ ጀልባዋ እስከ ደሴቶቹ መውረጃ ድረስ ያለ ችግር ትጠጋለች፤ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። በሚያዝያና በግንቦት ውኃው ስለሚሸሽ ድንጋዩ ይወጣል፣ ወደ ምድር ለመውረድም ጭቃ መርገጥ ግድ ይሆናል። በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ወጀብ ከነመብረቁ አደገኛ ስለሆነ ባይሞከር ይሻላል። ጥር 11 ቀን የሚከበረውን ጥምቀት ጎንደር ላይ ለማሳለፍ ያሰበ ሰው ከተማዋ በእንግዳ ስለምትጨናነቅ አልጋውን አስቀድሞ ይያዝ፤ ከተራው ጥር 10 በመሆኑም ጥር 9 ቀን ጎንደር መግባት አለበት።

ጀልባውን በተመለከተ ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው የሕዝብ ማመላለሻው ነው፤ በቆየው ልማድ እሑድ ጧት ከባሕር ዳር ተነሥቶ ዘጌንና ሌሎች ወደቦችን እየነካ ቁንዝላ ያድርና በማግሥቱ በደልጊ በኩል ጎርጎራ ይደርሳል። ርካሽ ነው፤ ከእህል ጆንያና ከዶሮ ጋር መጓዝ የማይከብደው ሰው ከመንገዱ ይልቅ በመንገደኛው ወግ ይደሰታል። የመነሻው ቀን ሊለወጥ ስለሚችል ግን በስልክ ከመጠየቅ ይልቅ በአካል ወደቡ ድረስ ሄዶ ማረጋገጥ ይበጃል። ደሴቶቹን በራስ ጊዜ ለማየት የሚፈልግ ሰው ሁለተኛውን፣ ማለትም የሞተር ጀልባ ኮንትራት መያዝን ይመርጣል።

ኮንትራት ሲያዝ የሚነገረውን ዋጋ ብቻ ሰምቶ መጨባበጥ በኋላ ያጣላል። ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ በቀጥታ ሲለካ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጀልባ ነጂው ባዶውን መመለሱ ስለማይቀር ተጓዡ የሚከፍለው የደርሶ መልሱን ነዳጅ ነው። በመሐል ማደያ ስለሌለ ቤንዚኑ በሙሉ ከባሕር ዳር በጀሪካን ተጭኖ ይወጣል። የሚቆምባቸው ቦታዎች፣ በየቦታው የሚጠብቅበት ሰዓትና የሚያድርበት ስፍራ በወረቀት ይስፈሩ፤ የገዳማቱ መግቢያ ከጀልባው ኪራይ ውጭ ስለሆነ ለእርሱ የተዘረዘረ ብር ለየብቻ መያዝ ያስፈልጋል። ላይፍ ጃኬቱ ከመቀመጫው ሥር መኖሩን አይቶ ማለፍ አይበቃም፤ መታጠቂያው የተበጠሰ ብዙ ስላለ ወደቡ ላይ ለብሶ ማሰር ይገባል። በመጨረሻም፣ በሐይቁም በየብሱም የመንገዱን ሰላም ከመነሣት በፊት ባለው ምሽት ከሚያውቁት ሰዎች መጠየቅ አይዘንጋ።

ለስንቅ በሶና ዳቦ ቆሎ ይበቃል። ውኃው ላይ የሚንጸባረቀው ፀሐይ ከላይኛው ጋር ተደምሮ ፊትን ስለሚያቃጥል ሰፊ ባርኔጣ ይያዝ፤ ለጧቱ ብርድ ደግሞ ጋቢ።

ከባሕር ዳር በተነሡ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዘጌ ይደረሳል። ልሳነ ምድሩ በሙሉ በቡና ደን የተሸፈነ ሲሆን፣ በአቡነ በትረ ማርያም ቃል መሠረት በሬ ጠምዶ ማረስ በዚያ የተከለከለ መሆኑ በትውፊት ይነገራል። በጥቅሉ ዘጌ ለብቻው ግማሽ ቀን ይፈልጋል፤ ወደ ጎንደር ለሚያልፍ ሰው ግን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ብቻ ማየት ይበቃዋል። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሞላ ነው፤ የውጭው ብርሃን በትልልቆቹ የእንጨት በሮች በኩል ስለሚገባ ጧት ጧት ቀለሙ ይበልጥ ይጎላል። ከዘጌ ወደ ሰሜን ሲቀዘፍ በስተ ግራ ግልገል ዓባይ ወደ ሐይቁ ይገባል። በመስከረም የሄደ ሰው ከሰከላ በኩል አፈር ተሸክሞ የመጣው ውኃ ከሐይቁ ውኃ ጋር ወዲያው ሳይቀላቀል ቡናማ መስመር ሠርቶ ሲሄድ በዓይኑ ያያል።

በዚህ አካባቢ የደንገል ታንኳም ይታያል። ታንኳው ደንገሉን በጥቅል በጥቅል አስሮ የሚሠራ ሲሆን በመንሳፈፍ ላይ እያለ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ፣ ባለቤቱ ማታ ከውኃው አውጥቶ እንዲደርቅ ዳር ላይ ያቆመዋል። የሞተር ጀልባ በአጠገቡ በፍጥነት ሲያልፍ የሚያስነሣው ሞገድ ሊገለብጠው ስለሚችል፣ ነጂው እንዲቀንስ መጠየቅ የተሳፋሪው ድርሻ ነው።

ቀጣዩ ማረፊያ ደቅ ደሴትና አጠገቧ ያለችው ዳጋ ናቸው፤ ከመንገዱ ግማሽ ገደማ ላይ ይገኛሉ። ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም፤ ከቡድኑ ውስጥ ሴቶች ካሉ ይህ ባሕር ዳር ላይ ሊነገራቸው ይገባል እንጂ መውረጃው ላይ ደርሰው መስማታቸው ቅር ያሰኛል። ከውኃው ዳር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው አቀበት በደን ውስጥ ያልፋል። በዕቃ ቤቱ ውስጥ የዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ የዐፄ ዳዊት ቀዳማዊ፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲል አስከሬን በመስተዋት በተከደነ ሣጥን ውስጥ ይገኛል። ፎቶ ከማንሣት በፊት መነኮሳቱን ማስፈቀድ ይገባል፤ እኔ ግን ስልኬን ኪሴ ውስጥ መተው መርጫለሁ። ናርጋ ሥላሴ ያለችው በደቅ ምዕራባዊ ዳር ነው፤ ያሠሯት እቴጌ ምንትዋብ ሲሆኑ ለሴትም ለወንድም ክፍት ናት። እቴጌይቱ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የሚታዩበትን ሥዕል ሳያዩ መውጣት አይገባም፤ ጎንደር ላይ ያሠሩትን ቁስቋምን ሲያዩ እኚሁኑ ሴት መልሰው ያገኟቸዋልና።

ደቅ ላይ እንደ ከተማ አልጋ መያዝ አይታሰብም። ማደር ያሰበ ሰው ነጂው አስቀድሞ ከአካባቢው ሰዎች ጋር እንዲነጋገር ያደርግና ብርድ ልብሱን ይዞ ይሄዳል። የሁለት ቀኑን ጉዞ የምመርጠውም ለዚህ ነው፦ በመጀመሪያው ቀን ደቅ ላይ ከነፋሱ በፊት መውረድ፣ በሁለተኛው ቀን ደግሞ ንጋት ላይ ተነሥቶ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ጎርጎራ መግባት። በአንድ ቀን ሁሉንም ልጨርስ የሚል ሰው ደሴቶቹን ከጀልባው ላይ ሆኖ አይቷቸው ያልፋል።

ወደ ሰሜኑ ዳር ሲጠጉ እምቦጭ ሊያጋጥም ይችላል። አረሙ ጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን በተለይ የሰሜን ምሥራቁን ዳር ይይዛል፤ ነፋስ እየነዳውም ቦታ ይለዋወጣል። ሐምራዊ አበባው ከሩቅ ያምራል፤ ሥሩ ግን በፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል። በዚህ ጊዜ ነጂው ሞተሩን አጥፍቶና ወደ ላይ አንሥቶ በቢላ እስኪያጸዳ ድረስ ተሳፋሪው ከመቀመጫው አይነሣ፤ ሁሉም ለማየት ወደ ኋላ ሲሄድ ክብደቱ በአንድ በኩል ይሆንና ጀልባዋ ውኃ ትቀዳለች።

ጎርጎራ በገበታ ለሀገር የተሠራ ማረፊያ ስላላት ምቾት የሚፈልግ ሰው እዚህ ያድራል። የማይታለፈው ግን ክብ ሆና በሣር የተከደነችው ደብረ ሲና ማርያም ናት። ከዛሬዋ ከተማ ራቅ ብሎ በሐይቁ ዳር ደግሞ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ያሠሩት የማርያም ግንብ ፍርስራሽ አለ። እ.ኤ.አ. በ1618 ሰከላ ወርዶ የግዮንን (የዓባይን) ምንጭ ያየው ኢየሱሳዊው ፔሮ ፓይስ ከአራት ዓመት በኋላ ያረፈው በዚሁ በጎርጎራ ነው። ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ለማጽናት ሞክረው ደም ከፈሰሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ፤ ፋሲልም እ.ኤ.አ. በ1636 የሐይቁን ዳር ትተው ጎንደርን ቆረቆሩ።

ተሳፋሪም በዚያው አቅጣጫ ይወጣል፤ በጯሂት፣ በቆላ ድባና በአዘዞ አድርጎ። መኪናው የሚበዛው ጧት ስለሆነ በዚህም በኩል ማልዶ መድረስ ይጠቅማል። ጎንደር ላይ በደረሱበት ከሰዓት በኋላ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ማየት ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. በ1888 የሱዳን ድርቡሾች ከተማዋን ሲያቃጥሉ የተረፈች ስትሆን፣ የጣሪያዋን የመላእክት ፊቶች ለማየት አንገት እስኪደክም ድረስ መቆም ያስፈልጋል። የፋሲል ግቢ 900 ሜትር በሚሆን አጥር የተከበበ በመሆኑ ለማግሥቱ ጧት ሙሉውን ይተውለት። ወደ ባሕር ዳር መመለሱ በአስፋልቱ ይሁን፤ ጀልባ ነጂው ከጎርጎራ የሚነሣው ተሳፋሪውን እንዳወረደ ወዲያው ነው፤ እርሱም ከነፋሱ በፊት ደቅ መድረስ አለበት።