የዳርት ጥሎ ማለፍ ውድድር ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ላይ እንዴት ይዘጋጃል፣ ውጤቱስ እንዴት ይያዛል

በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 3 2025 ለንደን አሌክሳንድራ ፓላስ ውስጥ ሉክ ሊትለር ሚባል ገና የ17 አመት ልጅ ማይክል ቫን ገርዌንን 7 ለ 3 አሸንፎ የዳርት (ትንንሽ ቀስት ክብ ቦርድ ላይ ሚወረወርበት ጨዋታ) የአለም ሻምፒዮን ሆነ። ውጤቱን ስልኬ ላይ ላሳየኋቸው የሰፈር ልጆች መጀመሪያ የመጣላቸው ጥያቄ "7 ለ 3 ምኑ ነው? ነጥብ ነው?" ሚል ነበር። እሱን ከታች አስረዳለሁ፣ ግን ጥያቄው ደስ አለኝ ምክንያቱም እኛ ጋ ዳርት ሚወረውር ሰው እያለ ውጤት በስርአት ሚጽፍ ሰው ነው የጠፋው። አንዴ አንድ ፑል ቤት ውስጥ 12 ሆነን ጀመርን፣ ውጤቱን በቃል ነበር ምንይዘው፣ ሩብ ፍጻሜ ላይ ሁለት ልጆች ሁለቱም "ያለፍኩት እኔ ነኝ" አሉና ውድድሩ እዛው ተበተነ፣ በጣም ነበር ያዘንኩት። ከዛ በኋላ እንዲህ ነው ማረገው።

መጀመሪያ ቦርዱ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የቡሉ (ቦርዱ መሀል ያለችው ትንሽ ክብ) መሀል ከወለል 1.73 ሜትር ይሆናል፣ መወርወሪያው መስመር ደሞ ከቦርዱ ፊት 2.37 ሜትር። ከቦርዱ ፊት ነው ያልኩት፣ ከግድግዳው አይደለም፣ ቦርዱ ራሱ ውፍረት አለው ከኋላው ጣውላ ከተመታ ደሞ የበለጠ ወደፊት ይወጣል፣ ስለዚህ ከቦርዱ ፊት ቱንቢ ጣሉና ወለሉን የነካበት ቦታ ላይ በጠመኔ ምልክት አርጉ ከዛ ነው ሜትር ሚዘረጋው። ደሴ ተዳፋት ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ወለሉ ያዘነበለ ቤት አይጠፋም፣ እንደዛ ከሆነ 1.73ን ምትለኩት ተጫዋቹ ሚቆምበትን ወለል ይዛችሁ ነው፣ ግንበኛ ጓደኛ ካላችሁ ውሃ ልክ ተዋሱ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ ከቡሉ መሀል እስከ መስመሩ በሰያፍ ክር ስትወጥሩ 2.93 ሜትር ገደማ መምጣት አለበት፣ ካልመጣ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል።

ጥሩው ቦርድ ከቃጫ የተሰራው ነው፣ ዳርቱ ሲነቀል ቀዳዳው መልሶ ይገጥማል። 20 ቁጥር ከላይ መሀል፣ ጥቁሩ ላይ። ሁሉም ሰው 20 ላይ ስለሚወረውር እዛ ጋ ቶሎ ያልቃል፣ ስለዚህ ቁጥሮቹ ያሉበትን ሽቦ አውልቁና ቦርዱን አዙሩት ከዛ ሽቦውን 20 ወደላይ አርጋችሁ መልሱ፣ 20 ግን ሁሌም ጥቁር ላይ መዋል አለበት። ከቦርዱ በሁለቱም ጎን ሰው እንዳይቆም፣ ህጻን ካለ ደሞ ጭራሽ አትጀምሩ።

ህጉን ሁሉም ባለበት መንገር

ሁለቱም ከ501 ይጀምራሉ፣ በየተራቸው 3 ዳርት ይወረውራሉ፣ ያገኙት ይቀነሳል፣ ቀድሞ ልክ 0 የደረሰ አንድ ሌግ አሸነፈ። ግን የመጨረሻዋ ዳርት ደብል ላይ ማለትም ቁጥሩ በ2 ሚባዛበት የውጪው ቀጭን ቀለበት ላይ ወይ ቡሉ መሀል ላይ መሆን አለባት። ከ0 ካለፈ፣ 1 ከቀረው፣ ወይ ያለ ደብል 0 ከደረሰ ተራው ተቃጠለ፣ ከተራው በፊት ወደነበረው ቁጥር ይመለሳል። ጀማሪዎችን 32 እንዲያስቀሩ ምከሯቸው፣ ደብል 16 ስተው ዳርቱ ደብል ያልሆነው 16 ላይ ቢያርፍ ደብል 8 ይቀራቸዋል፣ እሱንም ስተው 8 ቢመቱ ደብል 4፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። ማን እንደሚጀምር አንድ አንድ ዳርት ወደ ቡል ወርውሮ የቀረበው ይጀምራል፣ ከዛ በየሌጉ መቀያየር ነው።

ዕጣ

በጥሎ ማለፍ እያንዳንዱ ግጥሚያ አንድ ሰው ያስወጣል፣ ስለዚህ 16 ሰው ካለ 15 ግጥሚያ ነው፣ 12 ካለ 11። ቁጥሩ 8፣ 16፣ 32 ካልሆነ ጎዶሎው ሚስተካከለው በመጀመሪያው ዙር ብቻ ነው፣ 12 ሲሆኑ 4 ሰው ሳይጫወት ያልፍና 8 ሰው ይጋጠማል፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ልክ 8 ይሆናሉ። ይሄ ማዳላት አይደለም፣ የ2025ቱ የአለም ሻምፒዮና ራሱ 96 ተጫዋች ነበረው፣ 32ቱ ባለደረጃዎች ከሁለተኛው ዙር ነው የጀመሩት። እኛ ግን ደረጃ ስለሌለን ማን ሳይጫወት እንደሚያልፍም በዕጣ ይውጣ። ብጣሽ ወረቀት ላይ ስም ጻፉ፣ ባርኔጣ ውስጥ ክተቱ፣ ማይጫወት ትልቅ ሰው ለምኑ፣ "ጋሼ እስቲ እጅዎን ይስጡን" ስትሏቸው ደስ ብሏቸው ነው ሚያወጡት፣ እሳቸው ያወጡት ዕጣ ላይ ደሞ ማንም አፉን አይከፍትም። ዩኬ ኦፕን ሚባለው ውድድር ላይ በየዙሩ አዲስ ዕጣ ይወጣል፣ ለሰፈር ውድድር እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ፣ ሰው እስከመጨረሻው ከማን ጋ እንደሚደርሰው ስለማያውቅ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

አንድ ነገር ደሞ አስቡ፣ ደሴ ላይ ከሆነ ከኮምቦልቻ የመጡት ሳይመሽ የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ አለባቸው፣ ስለዚህ የነሱን ጨዋታዎች ወደፊት አምጧቸው። ኮምቦልቻ ላይ ከሆነ እንደዛው ለደሴዎቹ። መብራት ከጠፋ ጨዋታው ባለበት ቁጥር ይቆማል፣ የቀረው ቁጥር ሰሌዳው ላይ ይቆያል፣ በባትሪ መብራት አትቀጥሉ ጥላው ያሳስታል።

ውጤት አጻጻፍ

አሁን ወደ 7 ለ 3 እንምጣ። የአለም ሻምፒዮናው እንደ ቮሊቦል በሴት (set) ነው፣ 3 ሌግ ቀድሞ ያሸነፈ አንድ ሴት ይወስዳል፣ ፍጻሜው ላይ 7 ሴት ቀድሞ የሞላ ያሸንፋል። ስለዚህ ሊትለር 7 ሴት ወሰደ፣ ቫን ገርዌን 3። ሴት ያለበት ጨዋታ ላይ የሌጎቹንም ውጤት ካልጻፋችሁ ጨዋታው ምን እንደነበር አይታወቅም፦ አንዱ 3 ለ 2፣ 0 ለ 3፣ 3 ለ 2 ቢጫወት በሴት 2 ለ 1 አሸንፏል፣ ሌግ ስትቆጥሩ ግን እሱ 6 ነው ተሸናፊው 7። ለሰፈር በሌግ ብቻ ይሻላል፣ እስከ ሩብ ፍጻሜ 3 ቀድሞ የሞላ፣ ግማሽ ፍጻሜና ፍጻሜ 4 ወይ 5።

ጸሐፊው ማይጫወት ሰው ይሁን። እያንዳንዱ ተራ ሲያልቅ ዳርቶቹ ሳይነቀሉ ድምሩን ጮክ ብሎ ይጥራ፣ ቀሪውን ሰሌዳው ላይ ይጻፍ፣ ዳርት ከተነቀለ በኋላ ክርክር የለም። ግጥሚያው ሲያልቅ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ስሞቹና የሌጉ ውጤት ወዲያው ይሞላል፣ ሁለቱም ይፈርማሉ። ስንት ዳርት እንደተወረወረም ያዙ ምክንያቱም አቨሬጅ ሚወጣው ከሱ ነው፣ የተቀነሰው ነጥብ ሲካፈል ለዳርቱ ብዛት ሲባዛ በ3። 501ን በ15 ዳርት የጨረሰ 100.2 ነው፣ በ45 ዳርት የጨረሰ 33.4። ሌላ ሌግ ላይ ተሸናፊው 36 ዳርት ወርውሮ 60 ከቀረው የቀነሰው 441 ነው፣ አቨሬጁ 36.75፣ ተሸንፎ አቨሬጁ ሚበልጥ ሰው አለ እሱ ደብል ልምምድ ነው ሚያስፈልገው። በአንድ ተራ 180 ያገኘና (ሶስቱም ዳርት ትሪፕል 20 ማለትም ቁጥሩ በ3 ሚባዛበት የውስጡ ቀጭን ቀለበት ላይ) በትልቅ ቁጥር የዘጋ ሰው በጎን ይጻፍለት፣ በ3 ዳርት ሚዘጋው ትልቁ ቁጥር 170 ነው፣ ሁለት ትሪፕል 20 እና የቡሉ መሀል።

ወረቀቱን ፎቶ አንሱና ቴሌግራም ላይ ልቀቁ፣ ዋናውን ግን አትጣሉት። ፕሮፌሽናሎቹ ደረጃቸው ሚወጣው በ2 አመት ውስጥ ባገኙት የሽልማት ገንዘብ ነው፣ እኛ በዚህ ወረቀት እንጀምራለን፦ በሚቀጥለው ውድድር ግማሽ ፍጻሜ የደረሱት 4ቱ በመጀመሪያው ዙር እርስ በርስ እንዳይገናኙ ተለያይተው ይቀመጣሉ፣ የቀረው ሰው ዕጣው ከባርኔጣው ይወጣል።