አባባ ሳንቲማቸውን ማሳየት ሲያቆሙ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

አሮጌ ሳንቲም የሚሰበስብ ሽማግሌ ያለበት ቤት ውስጥ ነገር መበላሸቱ መጀመሪያ የሚታወቀው ከሳንቲሙ ሳይሆን ከሰውየው ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር አልበም ካልገለጥኩ ብለው የሚያስቸግሩን አጎቴ ድንገት ማሳየት አቆሙ፣ ስልክ ሲጮህ ተነስተው ጓዳ ይገባሉ፣ "ማነው ጋሼ?" ስላቸው "ወዳጄ ነው" ብቻ። እኛ ደግሞ እርጅና ነው ብለን ተውናቸው፣ ጥፋታችን እሱ ነበር። ከዛ ወዲህ ያወቅኩትን በየምልክቱ ላስቀምጠው፣ ቤታችሁ የምታዩትን ፈልጋችሁ አንብቡ።

ምልክት፦ የማታውቁት ሰው ቶሎ ቶሎ ይደውላል፣ ትናንሽ እሽጎች ይመጣሉ፣ ከባንክ ብር ይወጣል

የስልክ ሻጭ ነው። መጀመሪያ አንድ እውነተኛ ሳንቲም በደህና ዋጋ ይልካል፣ አመኔታ የሚገዛው በሱ ነው፣ ከዛ "ለእርስዎ ብዬ ነው የያዝኩት፣ ዛሬ ካልወሰዱት ሌላ ሰው ሊወስደው ነው" ይጀመራል። ኋላ የሚልከው ሳንቲም ፎርጅድ ላይሆንም ይችላል፣ ማጭበርበሩ ያለው ደረጃው ላይ ነው። የሳንቲም ደረጃ የሚሰጠው ሼልደን በሚባለው ከ1 እስከ 70 ባለ መለኪያ ነው፣ 63 እና 65 ላልለመደ አይን መንታ ናቸው ዋጋቸው ግን አንዳንዴ በብዙ እጥፍ ይራራቃል፣ ስለዚህ ሻጩ ራሱ የጻፈው ደረጃ እንደሌለ ቁጠሩት።

ፒሲጂኤስ ወይም ኤንጂሲ (ሳንቲም መርምረው ደረጃ ሰጥተው በቁጥር የሚያሽጉ የአሜሪካ ድርጅቶች ናቸው) ያሸገው ነው ካላችሁ ደሞ የማሸጊያውን ቁጥር ድርጅቱ ዌብሳይት ላይ ገብታችሁ ፈልጉት፣ ሻጩ በላከው ሊንክ ሳይሆን አድራሻውን ራሳችሁ ጽፋችሁ። ቁጥሩ ስለተገኘም አትረጋጉ፣ ፎርጅድ ማሸጊያ ላይ የእውነተኛ ሳንቲም ቁጥር ይታተማልና ፎቶ ካለው ጭረቱን ሳይቀር አስተያዩ።

ስልኩን መቀማት ግን መፍትሄ አይደለም፣ ይደበቁበታል በቃ። ህግ ይውጣ፣ ህጉን ግን እሳቸው ያውጡት። "ልጆቼን ሳላማክር አልገዛም" በሉ ብትሏቸው ውርደት ይሆንባቸዋል፣ "እኔ በስልክ አልገዛም" የሚለው ግን የራሳቸው ቃል ስለሆነ በኩራት ነው የሚሉት።

ምልክት፦ "ይሄ ሳንቲም የኔ አይመስለኝም" ይላሉ

እባካችሁ እዚህ ጋ አይናቸው ደክሞ ነው አትበሉ። ሰላሳ አመት ሙሉ ሲያገላብጠው የኖረ እጅ ከናንተ አይን ይበልጣል።

እኛ ቤት የሆነው እንዲህ ነው። ማርትሬዛ ጠገራ ብር ነበራቸው፣ ትክክለኛው 28.07 ግራም ገደማ ነው የሚመዝነው፣ ሲያረጅ ተፍቆ ትንሽ ሊቀንስ ይችላል። ትንሿ ዲጂታል ሚዛን ላይ ሲያስቀምጡት 24.6 አለ። አነሱት፣ ሚዛኑን በመሀረብ ጠረጉ፣ መልሰው አስቀመጡት፣ 24.6። ብዙ ዝም አሉና "ያ ልጅ ላጽዳልዎት ብሎ ወደ መስኮቱ ዞሮ ነበር" አሉ። ልጁ ዋጋ ልገምትልዎ ብሎ የመጣ ትህትናው የሚያስቀና ሰው ነበር። በነገራችን ላይ ዋጋ የሚያውቅ ሰው ሳንቲም ላጽዳ አይልም፣ የተፈተገ ሳንቲም ሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው ስለሚወድቅ፣ ይቺ ብቻዋን ታጋልጠዋለች።

ስለዚህ ገማች ሲመጣ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ይኑር፣ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሳንቲም ብቻ ይውጣ፣ አስቀድሞ የፊቱም የጀርባውም ፎቶ ይነሳ፣ ሲሰጠውም ሲመልሰውም ይመዘን። የሚቀየም ገማች ካለ ይሂድ። የሚገምተውም የሚገዛውም አንድ ሰው ከሆነማ ዝቅ አድርጎ መገመቱ አይቀርም፣ ሳትሸጡ በፊት ሌላ ሁለት ቦታ ጠይቁ።

ማግኔትም ያዙ፣ ብርና ወርቅ በማግኔት አይሳቡም፣ ከተሳበ ችግር አለ። ካልተሳበ ግን ምንም አላረጋገጣችሁም፣ መዳብም እርሳስም አይሳቡም። ወርቅ ላይ የባሰው ተንግስተን ነው፣ የወርቅ እፍጋት 19.3 የሱ 19.25 ስለሆነ ወርቅ ተቀብቶ ሲመጣ ሚዛን ይሸነፋል፣ ይሄ የመሳሪያ ስራ ነውና ሙሉ ውፍረቱን መፈተሽ የሚችል ባለሙያ ጋ ውሰዱት።

እና ደሞ ጠገራ ብር ላይ 1780 የሚለውን አይቶ "ከ200 አመት በላይ የቆየ ብርቅዬ" የሚል ሰው በእውነተኛ ሳንቲም ውሸት እየሸጠ ሊሆን ይችላል። ሳንቲሙ ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያ ንግስት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በፈረንጆቹ 1780 ነው፣ ከዛ በኋላ ያንኑ ቁጥር እንደያዘ ቪየና ብቻ ሳይሆን ሮምና ለንደንም ሳይቀር ሲመታ ኖሯል፣ ብዙዎቹ የሚያወጡት የብራቸውን ዋጋ ያህል ነው፣ ከሳንቲሙ ውስጥ ብሩ ደሞ 83.3 በመቶው ነው።

ምልክት፦ በር ሳይሰበር ሳንቲም ይጎድላል

ወይ ቦታ ቀይረው ረስተዋል ወይ ቤት የሚገባ የሚወጣ ሰው ነው፣ ዘመድም ሊሆን ይችላል። ሊስት ከሌለ የትኛው እንደሆነ በጭራሽ አታውቁም፣ ንጹህ ሰው ትወነጅላላችሁ። የእያንዳንዱ ፎቶ፣ ክብደት፣ ማሸጊያ ካለው ቁጥሩ፣ የት እንዳለ ይጻፍና ኮፒው ከዛ ቤት ውጪ ይቀመጥ። ውድ ውድ የሆኑት ባንክ ሳጥን ውስጥ ይግቡ። ኢንሹራንስ አለን ብላችሁም አትተኙ፣ ተራ የቤት ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ ለሳንቲም የሚከፍለው ትንሽ ጣሪያ አለው፣ ለብቻ መመዝገብ አለበት። ፎቶ ኦንላይን ከለጠፉ የቤቱ ሎኬሽን ፎቶው ውስጥ አብሮ እንዳይሄድ ስልኩ ላይ አጥፉላቸው። ለቅሶ ሲኖር ደሞ የቀብሩ ሰአት ታውጆ ቤቱ ባዶ ይሆናል፣ ሌባም ማስታወቂያ ያነባል፣ አንድ ሰው ይቅር።

ምልክት፦ "መንግስት ደውሎ ወርቁን አስረክብ አለኝ"

እዚህ ላይ ማመዛዘን የለም፣ ስልኩ ይዘጋ። አካውንትዎ ተጠልፏል፣ ገንዘብዎን ወደ ወርቅ ይቀይሩና ሰው ልከን እናስጠብቅልዎታለን የሚለው ዘዴ በጣም ከመብዛቱ የተነሳ የአሜሪካው ኤፍቢአይ በፈረንጆቹ 2024 መጀመሪያ ላይ ህዝቡን አስጠንቅቋል። ወርቅ ከቤት እንዲወስድ መልእክተኛ የሚልክ እውነተኛ መስሪያ ቤት የለም። ለማጣራት ከፈለጉ የባንክ ካርዱ ጀርባ ላይ ያለውን ቁጥር ራሳቸው ይደውሉ።

ምልክት፦ አንዴ ተበልተዋል፣ አሁን ደሞ "እናስመልስልዎታለን" የሚል ደዋይ መጥቷል

የተበላ ሰው ስምና ስልክ በሌቦች መሀል ይሸጣል። እናስመልሳለን ብሎ መጀመሪያ ክፍያ የሚጠይቅ ያው ሌባ ነው ወይ የሌባው ወዳጅ። ትክክለኛው መንገድ በዛው ቀን ባንክና ፖሊስ፣ ከዛ ሊስቱንና ፎቶውን ይዞ ሳንቲም ነጋዴዎችና አጫራቾች ጋ መበተን ነው፣ የተሰረቀ ሳንቲም መሸጫው እነሱ ጋ ነውና ቶሎ ከደረሳችሁ ሊያዝ ይችላል። ቁጣችሁን ግን ዋጥ አድርጉት፣ "ነግሬዎት ነበር" ከተባሉ ቀጣዩን አይነግሯችሁም።

አጎቴ ጋም ይሄው ደዋይ መጣ። እኔ ሌላ ክፍል ነበርኩ፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ስፒከር ላይ አደረጉትና ጮክ ብለው ጠሩኝ፦ "ና እስቲ ስማው፣ ይሄ ደሞ ከበፊቱ ድምጹ ያምራል።"