አንዱ ቻናል እየጠፋ እየመጣ ሲያስቸግር፦ አምፑን ከመፍታታችሁ በፊት

አንድ ጎኑ ጭራሽ የሞተ አምፕሊፋየር ለመጠገን አይከብድም። የተቃጠለው እቃ ቴስተር ላይ ይታያል፣ ይቀየራል፣ አለቀ። ፈተናው እየጠፋ የሚመጣው ነው። ባለቤቱ ተሸክሞ ያመጣዋል፣ ጠረጴዛ ላይ ሲከፈት ግራም ቀኝም እንደ ጉድ ይጮሃል፣ ቤት ሲደርስ ቀኙ ዝም። እዚህ ጅማ ደግሞ ክረምቱ ረጅም ነው፣ አየሩም እርጥብ ነው። እርጥበት በብረት መገናኛዎች ላይ ስስ ሽፋን ያበጃል፤ እንዲህ ያለው ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ የመገናኛ ብልሽት ነው።

በጣም የሚያናድደኝ ነገር አለ። «ቻናሉ ጠፋ» ሲባል ወዲያው ፓወር ትራንዚስተር (ስፒከሩን የሚነዳውን ትልቁን እቃ) መቀየር። ፓወር ትራንዚስተር ሲሄድ ብዙውን ጊዜ ሾርት ሆኖ፣ ፊዩዙንም ይዞ ነው የሚሄደው። ዛሬ ሞቶ ነገ አይነሳም። 2ኤስሲ5200 እና 2ኤስኤ1943 የሚባሉትን ደህና ትራንዚስተሮች ነቅሎ፣ ፎርጂድ የሞላበት ገበያ ውስጥ ገብቶ፣ የማይታወቅ ነገር ገዝቶ መትከል ደህና የነበረን አምፕ ማበላሸት ነው።

ስለዚህ ክዳኑን ገና አትንኩ። ስልክ አገናኙ፣ ዘፈን ክፈቱ፣ ችግሩ እስኪመጣ ጠብቁ። ቀኙ ጠፋ እንበል። ቮሊዩሙን ዜሮ አድርጉና ከኋላ የሚገቡትን ሁለት የድምፅ ገመዶች አቀያይሩ፣ ቀኙን በግራ፣ ግራውን በቀኝ። ዝምታው ወደ ግራ ከተዛወረ ጥፋቱ ከአምፑ በፊት ነው፤ ገመዱ፣ ጃኩ ወይም ሚክሰሩ። ካልተዛወረ የስፒከር ገመዶቹን አቀያይሩ፤ ለዚህ ግን አምፑ መጥፋት አለበት። ያው ስፒከር አሁንም ዝም ካለ አምፑ ነፃ ነው። ሌላኛው ስፒከር ዝም ካለ ጥፋቱ አምፑ ውስጥ ነው። አጥፍታችሁ ስታበሩ ድምፁ ራሱ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፣ እሱን «ተስተካከለ» ብላችሁ አትለፉት። ፍንጭ ነው። አጥፍቶ ማብራት የሚፈታው ችግር ብዙ ጊዜ ሪሌ (አምፑን ከስፒከሩ ጋር የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው፣ በኮረንት የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ነው፣ ምክንያቱም ሪሌው ተከፍቶ እንደገና ሲገጥም መገናኛው ትንሽ ይፋቃል።

ስፒከሩ ከሆነ ጥፋተኛው፣ ከአምፑ ነቅላችሁ በቴስተር ለኩት። 8 ኦም የሚባለው 6 አካባቢ ያሳያል። እየለካችሁ ገመዱን ወዝውዙ፣ ኮኑንም በጣቶቻችሁ በቀስታ ገፋ ገፋ አድርጉት። ቁጥሩ ከዘለለ ወይም ከጠፋ፣ ከተርሚናሉ ወደ ኮኑ የሚሄደው ለስላሳ ሽቦ ውስጥ ውስጡን ተበጥሷል ማለት ነው።

አምፑ ከሆነ ደግሞ አሁንም ሳትከፍቱ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ቮሊዩም ዝቅ ሲል የሚጠፋው ጎን ከፍ ሲደረግ «ጠቅ» ብሎ ይመጣል ወይ? ይሄ የሪሌ ፊርማ ነው። በዝቅተኛ ድምፅ የሚያልፈው ከረንት መገናኛው ላይ ያለውን ጥቁር ሽፋን መብሳት ያቅተዋል፣ ከፍ ሲል ይበሳዋል፣ ድምፁ መጀመሪያ ሸካራ ሆኖ ይመጣና ይጠራል። ሁለተኛ፣ ድምፁ ሲጠፋ ውስጥ «ቀጭ» የሚል ይሰማል? ከተሰማ ሪሌውን ያስለቀቀው የመከላከያ ሰርኪዩቱ ነው። ዲሲ (ወደ ስፒከር መሄድ የሌለበት ቀጥተኛ ኮረንት) አይቶ ነው፣ ሙቀት አይቶ ነው፣ ወይም የስፒከር ገመድ ሾርት አግኝቶ ነው። ያኔ ሪሌ ማፅዳት ጊዜ ማባከን ነው። ቀጭ ሳይል አንዱ ጎን ብቻ ከጠፋ ግን ወደ መገናኛዎቹ ሂዱ።

አሁን ካቻቪቴ አንሱ። ከሶኬት ንቀሉ፣ ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም። ከተነቀለም በኋላ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ቻርጅ ይይዛሉ፤ በፕላስና ማይነስ መካከል ከ70 እስከ 140 ቮልት የሚይዝ አምፕ ብዙ ነው። በቴስተር ለኩ። ካልወረደ ባለ 5 ዋት፣ 220 ኦም ረዚስተር በፒንሳ ይዛችሁ አስነኩና ደግማችሁ ለኩ። በካቻቪቴ ሾርት እያደረጉ ብልጭታ ማየት የሚወዱ አሉ። እጅም ቦርድም ይጎዳል፣ ተዉት።

ሪሌው ብዙውን ጊዜ ስፒከር ተርሚናሉ አጠገብ የተቀመጠ ትንሽ ሳጥን ነው። ከመንቀላችሁ በፊት አስመስክሩት። አምፑን መልሳችሁ ሰክታችሁ አብሩ፣ ስፒከሩ እንደተገናኘ ከስልክ 100 ኸርዝ አካባቢ ያለ ወጥ ድምፅ አጫውቱ (ብዙ ቴስተሮች ከዚያ ብዙ ከፍ ያለውን በትክክል አይለኩም)። ቴስተሩን ኤሲ ላይ አድርጉ፣ አንዱን ዘንግ መገናኛው መግቢያ ላይ፣ ሌላውን መውጫው ላይ አሳርፉ። ጤነኛ መገናኛ ዜሮ አካባቢ ያሳያል። የሚያጠፋው ጎን ላይ ቁጥሩ ከፍ ብሎ እየዋዠቀ ከታየ ያዛችሁት። ይሄን ስታደርጉ አምፑ ውስጥ ኮረንት አለ፤ ዘንጉ ተንሸራቶ ሁለት እግር እንዳያገናኝ፣ እጃችሁም ወደ ትራንስፎርመሩ መግቢያ እንዳይሄድ ተጠንቀቁ።

ከሰርግ አከራይ የመጣ አንድ አምፕ ላይ የሪሌውን ክዳን ስከፍት፣ የግራው መገናኛ የብር መልኩን እንደያዘ ነው፣ የቀኙ ግን እንደ ተቃጠለ የክብሪት ራስ ጠቁሮ መሃሉ ተቦርቡሯል። ትራንዚስተሮቹ ከዚያ በፊት ተቀይረው ነበር። በከንቱ።

አምፑን እንደገና ከሶኬት ነቅላችሁ ማፅዳት ይቻላል። ነጭ ወረቀት በቀጭኑ ቆርጣችሁ አይሶፕሮፒል አልኮል አስነኩ፣ በመገናኛዎቹ መሃል አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፣ ወረቀቱ ጥቁር ማውጣት እስኪያቆም። ብርጭቆ ወረቀት አይነካውም! ላዩ ላይ ያለው ስስ የብር ሽፋን ከተላጠ ከበፊቱ ይብሳል። ማፅዳት ራሱ ጊዜ መግዣ ነው። የተቦረቦረውን ቀይሩት፤ የአዲሱ ኮይል ቮልት ከድሮው ጋር አንድ ይሁን (24 ቮልት የተለመደ ነው)፣ የአምፔር አቅሙም አይነስ፣ የእግር አቀማመጡም ይግጠም።

ሪሌው ንፁህ ከሆነ ሁለተኛው ተጠርጣሪ የተሰነጠቀ ብየዳ ነው። ቦርዱን ገልብጡና በብርሃን ስር አዘንብላችሁ እዩ፤ ስፒከር ተርሚናሎቹ፣ የሪሌ እግሮች፣ ሂትሲንክ (ሙቀት ማስወጫው ብረት) ላይ የታሰሩት ትራንዚስተሮች፣ ነጫጮቹ የሲሚንቶ ረዚስተሮች። የምትፈልጉት በእግሩ ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነች ክብ ጥቁር መስመር ናት። እነዚህ እቃዎች ይግላሉ ይቀዘቅዛሉ፣ ገመድ ይጎትታቸዋል፣ መኪና ላይ ይናጣሉ፣ ሊዱም (የሚበየድበት ብረት) ይደክማል። ካልታየ ደረቅ መፋቂያ ያዙና አምፑ እየሠራ ቦርዱን ነካ ነካ አድርጉ። እንጨት ስለሆነ ኮረንት አያስተላልፍም፣ ደረቅ መሆኑን ግን እርግጠኛ ሁኑ። አንድ ቦታ ስትነኩ ድምፁ ከሄደ ወይም ከመጣ ዙሪያውን እንደገና በየዱ። አሮጌውን ሊድ መጥጣችሁ አዲስ አድርጉ፣ በላዩ ላይ መደረብ አይበቃም።

ሲሞቅ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ በፀጉር ማድረቂያ አንድ አንድ ቦታ አሙቁ። ሲቀዘቅዝ ብቻ ከሆነ ጠዋት በጊዜ፣ ሳይሞቅ ሞክሩት።

የቀረው ፈጠን ብሎ ይታያል። ቮሊዩምና ባላንስ ሲዞሩ የሚንኮሻኮሹ ከሆነ የኮንታክት ማፅጃ ንፉና አምፑ ጠፍቶ እያለ ደጋግማችሁ አዙሩ፤ የበር ማጠፊያ ዘይት ግን አትንፉበት። ስፒከር ኤና ቢ የሚመርጠው ቁልፍም እንዲሁ ይፀዳል። አሮጌ የጃፓን አምፖች ጀርባ ላይ ፕሪአምፑንና ፓወር አምፑን የሚያገናኙ በዩ ቅርፅ የታጠፉ ብረቶች አሉ፤ ብዙ ሰው አያያቸውም፣ ዝገታቸው ብቻ አንድ ጎን ያጠፋል። አውጡ፣ ጥረጉ፣ መልሱ።

«ቀጭ» እያለ ለሚጠፋው፣ ስፒከር ሳይገናኝ መውጫው ላይ ዲሲ ለኩ፤ ሪሌው ከለቀቀ ከሪሌው በፊት ባለው እግር ላይ። ከ50 ሚሊቮልት በታች ደህና ነው። ሙሉ ቮልቶች ካያችሁ ስፒከር አታገናኙ፣ ኮይሉን ያቃጥለዋል። አነስተኛ የክላስ ዲ ቦርዶችና አንዳንድ የመኪና አምፖች ላይ የስፒከር ማይነስ ግራውንድ (የአምፑ የጋራ ዜሮ መስመር) አይደለም። እዚያ በፕላስና በማይነሱ መካከል ለኩ፣ የሁለቱን ስፒከር ማይነስ በፍፁም አታገናኙ።

ጠግናችሁ ስትጨርሱ መጀመሪያ ባለ 100 ዋት የድሮ አምፖል፣ ሽቦው የሚግለውን እንጂ ኤልኢዲ አይደለም፣ በመስመሩ መሃል በተከታታይ አስገብታችሁ አብሩ። ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ጥሩ ነው፣ ቦግ ብሎ ከቀረ ሾርት አለ፣ ንቀሉ። ደህና ከሆነ አምፖሉን አውጥታችሁ ለአንድ ሰዓት ያህል አጫውቱ፣ ግማሹን ድምፁ በጣም ዝቅ ብሎ። ዝቅ ባለው ድምፅ ላይ ሁለቱም ጎን እኩል ከቆዩ፣ ክዳኑንም መታ መታ ስታደርጉ ካልተንኮሻኮሹ፣ ብሎኖቹን አጥብቃችሁ ለባለቤቱ መስጠት ትችላላችሁ።