የዩሬተር ሞዴል ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ
ሽንትን ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚያወርደው ዩሬተር በማዕበል መልክ ሲኮማተር፣ ይህን ፍሰት የሚያሰላው ሞዴላችን ጠባቡ ቦታ ላይ ሲደርስ ግፊቱ ገደብ አጥቶ ስሌቱ ይቋረጥ ነበር። ሰበቡ ቀመሩ ውስጥ ነው፦ ፍሰቱ ሳይለወጥ ራዲየሱ በግማሽ ቢቀንስ የግፊቱ ቁልቁለት (ግፊቱ በቱቦው ርዝመት የሚቀንስበት መጠን) 16 እጥፍ ያድጋል፤ ራዲየሱ ዜሮ ሲነካ ደግሞ ማካፈል አይቻልም።

ለ1.5 ሚሊሜትር አማካይ ራዲየስ ዝቅተኛውን 0.075 ሚሊሜትር ላይ አቆምነው፤ የስሌት ነጥቦቹንም እዚያው ጠባቡ ላይ ብቻ አጠጋጋን። አሁን እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ይህ ግን ብቻውን አያስተማምንም፤ ዝቅተኛውን ራዲየስ እንደገና በግማሽ ቀንሳችሁ አስሉ፣ የፍሰቱ መጠን ጉልህ ለውጥ ካሳየ ውጤቱን አትቀበሉት።

ጅማ ላይ በፕላስቲክ ቱቦና በውሃ ለምታረጋግጡ፦ የውሃ ቪስኮሲቲ (ፈሳሹ መፍሰስን የሚቋቋምበት መጠን) በ20 ዲግሪ 1.0፣ በ37 ዲግሪ 0.69 ሚሊፓስካል ሰከንድ ነው። ቴርሞሜትሩን ውሃው ውስጥ ክተቱና ሞዴሉ ላይ የዚያኑ ሙቀት ቁጥር አስገቡ።